ሰኞ ሰኞ የሚሞቱ ሕዋሳት

ፒሮሽካ ሮቦቱን የጠላችው ገና ከሳጥኑ ሳይወጣ ነው። አራት ጎልማሶች እያለከለኩ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲያወጡት ደረጃው ላይ ቆማ አየችና፣ «ይሄ ሁሉ ሸክም ጠብታ ለማንጠባጠብ ነው?» ብላ ጠየቀች። በሳምንቱ መስታወት ቤት ውስጥ ተተክሎ፣ አንድ ነጭ ክንዱን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራው የኖረችውን ሥራ ያለ ሻይ ዕረፍትና ያለ ሐሜት ይሠራው ጀመር።

ሥራው የካንሰር ሕዋስ ማሳደግ ነው። ለሰሚው ይዘገንናል፣ ለፒሮሽካ ግን እንጀራዋ ነው። ዕጢው ከአንድ በሽተኛ ቆሽት ላይ የተወሰደ ነው። ሰውየው ከሞተ ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ሕዋሱ ግን ዛሬም በሴገድ ከተማ፣ ቲሳ ወንዝ ዳር ባለው ላቦራቶሪ፣ በእሷ እጅ እየበላ ይባዛል። ምግቡ ቀይ ፈሳሽ ነው። የላቦራቶሪው ሰዎች መረቅ ይሉታል። መረቁ በየቀኑ ተመጥጦ በአዲስ መተካት አለበት። ካልተተካ ሕዋሱ ቆሻሻውን እዚያው እየለቀቀ ቢጫ ያደርገዋል። በዚህ ሥራ የፒሮሽካን እጅ የሚያህል አልነበረም። ሌላ ሰው ሲነካቸው የሚጠወልጉት ሕዋሳት እሷ ስትይዛቸው ይፋፋሉ። ከቡዳፔስት ድረስ «ፒሮሽካ የያዘችው ከሆነ እናምናለን» እየተባለ ይጻፍ ነበር። ባል አግብታ የፈታች፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። ሀብቴ የምትለው ነገር ቢኖር ይህ ስሟ ብቻ ነው።

ሮቦቱን ይዞ የመጣው ቾንጎር የሚባል የሂሳብ ሰው ነው። የደብረሰን ከተማ ልጅ፣ ዕድሜው ሠላሳ ስድስት፣ ጢሙ ጥቁር፣ ንግግሩ ቁጥብ። ሕዋስ አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ሰላምታውን መርምሮ የሚመልስ ይመስል ነበር።

አሁን ነገሩ ያለው ጄሉ ላይ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር ካራዲ አራት ዓመት የደከሙት ለአንድ ጄል ነው። ምድር ቤት ያሉት የቁስ ሳይንስ ሰዎች ከባሕር አረም የሠሩት ለስላሳ ነገር ሲሆን፣ የካንሰር መድኃኒት በሆዱ ይዞ ዕጢው አጠገብ ይቀመጥና ቀስ እያለ ይለቃል። በፒሮሽካ እጅ ጄሉን ከቀመሱ መቶ ሕዋሳት ሰባው ይሞታሉ። አራት ዓመት ሙሉ ዓርብ ሕዋሱ ሳህን ላይ ይዘራል፣ ሰኞ ጄሉ ይገባል፣ ማክሰኞ ሬሳ ይቆጠራል፣ ሰባ። አንዳንዴ ስልሳ ስምንት፣ አንዳንዴ ሰባ ሦስት። ፕሮፌሰሩ ይህንን ቁጥር ይዘው በሰው ላይ ለመሞከር ፈቃድ ሊጠይቁ ነው፤ ማመልከቻው ተጽፎ አልቋል፣ የቀረው ፊርማ ነው።

ሮቦቱ ግን አሥራ አንድ አለ።

አንድ ጊዜ ቢሆን ስህተት ነው ይባል ነበር። ሦስት ሳምንት ደጋገመው፤ አሥራ አንድ፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት።

«ማሽኑ ነው» አለች ፒሮሽካ። «ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ሕዋስ ደግሞ መንቀጥቀጥ አይወድም።»

«አይንቀጠቀጥም፣ እትዬ ፒሮሽካ» አለ ቾንጎር። «ለክቼዋለሁ።»

«የለካኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተን ደግሞ ማን ለካህ?»

ቾንጎር አልሳቀም። ደብተሩን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። ፒሮሽካ ያን ጊዜ ነው የፈራችው። በሰው ቀልድ ላይ ደብተር የሚያወጣ ሰው ለደግ አይመጣም።

ከዚያን ቀን ወዲያ ሁለቱ በጎን ዓይን ይተያዩ ጀመር። ጠዋት ስትገባ የመረቅ ጠርሙሶቿ ካስቀመጠችበት አንድ ጣት ያህል ተገፍተው ታገኛለች። የሥራ ደብተሯ ጀርባው ወደ ውጭ ሆኖ መደርደሪያው ላይ ይጠብቃታል፤ እሷ ደግሞ እንዲያ አስቀምጣ አታውቅም። አንድ ቀን ምሳ በልታ ስትመለስ፣ ቾንጎር በስልኩ የደብተሯን ገጽ ፎቶ ሲያነሳ በበሩ መስታወት አየችው። ገብታ አላናገረችውም። ተመልሳ ኮሪደሩ ላይ ቆመችና አሰበች። ይህ ሰው ሮቦቱ እንዳያፍር እኔን ሊያሳፍር ነው የመጣው። ሥራዬን ሊወስድ ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር። በነጋታው የመረቅ ጠርሙሶቿን ቁልፍ ያለው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብታ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው።

ፕሮፌሰር ካራዲ ጭቅጭቁ ሰለቻቸው። «ሁለታችሁም በአንድ ሳምንት፣ ከአንድ ጠርሙስ በተቀዳ ሕዋስ፣ ጎን ለጎን ሥሩና ይለይላችሁ» አሉ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቪየና ስለሚሄዱ የተለመደውን ቀን አልጠበቁም። ሰኞ ሕዋሱ ተዘራ፣ ማክሰኞና ረቡዕ መረቁ ተቀየረ፣ ሐሙስ ጄሉ ገባ። ቾንጎር አራቱንም ቀን ከፒሮሽካ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጇን ሲያይ ሰነበተ።

«ትንፋሽህ ማጅራቴ ላይ ነው» አለችው።

«ልራቅ?»

«ደብረሰን ድረስ ራቅ።»

በርጩማውን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሳበው። ከዚያ በላይ አልራቀም።

ዓርብ ጠዋት ተቆጠረ። ፕሮፌሰሩ ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሮቦቱ አሥራ አንድ። ፒሮሽካ አጉሊ መነጽሩ ላይ ጎንበስ ብላ የራሷን ሳህን ቆጠረች፤ ቀና ሳትል ደግማ ቆጠረች።

«ስንት ነው?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«አሥራ ሁለት።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ሻንጣቸውን አንስተው ወጡ። ዝምታቸው ከስድብ ባሰባት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ፊት የወደቀ ነገር በእጇ ይዛ አታውቅም።

ይህ ሰው ጄሉን ለውጦብኛል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የዚያኑ ዕለት ከሰዓት፣ ቾንጎር ሳይኖር፣ አዲስ ጄል ከምድር ቤት ራሷ አምጥታ ቆለፈችበት። እንደ ወትሮው ሕዋሷን ሳህን ላይ ዘራች። ሰኞ ጄሉን ሰጠች። ማክሰኞ ቆጠረች። ሰባ አንድ! የሎተሪ ዕጣ የወጣለት ሰው እንዲህ አይሮጥም። ወረቀቱን ይዛ ቾንጎር ጠረጴዛ ላይ ጣለችው።

«ይኸው! እጄ አልሞተም።»

ቾንጎር ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ «እትዬ ፒሮሽካ፣ እኔ ስቀመጥ አይሞቱም። እኔ ስነሳ ይሞታሉ» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም። ቁጥሩን ነው ያነበብኩት።»

«አንብበህ ምን አልክ? በአፍህ ተናገረው! መርዝ ትጨምራለች ነው የምትለው?»

«አላልኩም።»

«አንተ አፍንጫህን መጥረግ ሳታውቅ እኔ እዚህ ወንበር ላይ ነበርኩ!»

ድምጿ ኮሪደሩን ሞላው። በሮች ተከፈቱ፣ መልሰው ተዘጉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የፒሮሽካ ስም ምሳ ቤት ውስጥ ከዓሣ ሾርባው ጋር ሲበላ እሷ የሰማችው በመጨረሻ ነው። የሰማችውም በጆሮዋ ሳይሆን በዓይኗ ነበር። ትሪዋን ይዛ ስትቀመጥ ጠረጴዛው ሙሉ ሰው ድንገት ጨርሶ ተነሳ። የአንዱ ሾርባ ገና ግማሽ ነበር።

ረቡዕ ወደ ቤቷ ስትወጣ የበሩ ጠባቂ ጋሽ ቬንደል በመስኮታቸው በኩል ጠሯት። ጡረታ ከወጡ በኋላ ተመልሰው የተቀጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ፒሮሽካ ሁልጊዜ ሽንኩርት ታመጣላቸዋለች፣ ከእናቷ አገር ከማኮ ከተማ።

«ልጄ፣ ያ ጢማሙ መዝገብ ጠየቀኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የምን መዝገብ?»

«የቅዳሜና የእሑድ መግቢያ መዝገብ። ማን ገባ፣ መቼ ገባ። አንቺ ሰው በሌለበት እየመጣሽ አንድ ነገር የምታደርጊ ይመስለዋል።»

የፒሮሽካ ፊት አመድ ለበሰ። «ታዲያ ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? ጣሪያው አፍስሶበት ተበላሽቷል አልኩት። ደግሞም አፍስሶ ነበር፤ ያላፈሰሰበትንም እኔ ውኃ አስነካሁት።» ዙሪያቸውን አዩ። «እኔና አንቺ እናውቀዋለን። እዚያ መዝገብ ላይ በእሑድ ቀን ስምሽ የለም።»

እውነት ነው፣ የለም ማለት ይቻላል። ቾንጎር የጠረጠረው ሌላ ነው፤ ፒሮሽካ የደበቀችው ሌላ ነው። ፕሮፌሰሩ ባወጡት ሥርዓት መረቁ በየቀኑ ይቀየራል፤ ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሳጥን አለ፣ የቀየረው ሰው ምልክት አድርጎ ይፈርማል። ፒሮሽካ የቅዳሜንና የእሑድን ምልክት ዓርብ ከሰዓት ቀድማ ታደርገዋለች። ዓርብ ማታ በአውቶቡስ ወደ ማኮ ትሄዳለች። እናቷ እዚያ አልጋ ላይ ወድቀው ነበር፤ በአዘቦት ቀን ጎረቤት ያያቸዋል፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እሷ። አራት ዓመት እንዲያ ሆነ። ባለፈው ሜይ እናቷ ሞቱ። ከዚያም በኋላ የለመደ እግር ሆኖባት፣ ቤቱን ልጠርግ፣ መቃብሩን ልይ እያለች መሄዷን አልተወችም። ሰኞ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ማንም ሳይገባ ትደርስና ቢጫ የሆነውን መረቅ መጥጣ ቀዩን ትሞላለች። ጄሉ የሚሰጠው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ማን ያያል? ሕዋሳቱም አይሞቱም፣ አይጠወልጉም። ሥራውን ያስተማረቻት አሮጊት ራሷ «ሁለት ቀን ቢጾሙ ቅዱስ አይሆኑም» እያለች ትስቅ ነበር። በየላቦራቶሪው የሚደረግ ነገር ነው፤ በየላቦራቶሪው የማይወራም ነገር ነው።

እንግዲህ መዝገቡ ከጠፋ ጉዳዩ ጠፋ። ፒሮሽካ የጋሽ ቬንደልን እጅ ጨብጣ ሄደች። ድልድዩ ላይ ስትደርስ እፎይ ማለት ነበረባት፤ አላለችም።

የሚቀጥለው ሰኞ ማለዳ እንደ ልማዷ መጣች። ማሞቂያ ሳጥኑን ከፈተች። ከላይኛው መደርደሪያ የሮቦቱ ሳህኖች ተደርድረዋል፣ መረቃቸው ቀይ። ሮቦት እናት የለው፣ አውቶቡስ አይይዝ፣ እሑድ ሲመግብ ነው የዋለው። ከታች የእሷ ሳህኖች አሉ፤ መረቃቸው ቢጫ። የመምጠጫውን ቱቦ አነሳች፣ አዘነበለችው፣ እንደዚያው በአየር ላይ ይዛው ቀረች።

ያን ሳምንት፣ ቾንጎር ከኋላዋ በተቀመጠበት ሳምንት፣ መረቁ አንድም ቀን ቢጫ አልሆነም ነበር።

ሰኞ ተዘሩ፣ ማክሰኞ በሉ፣ ረቡዕ በሉ፣ ሐሙስ ጄሉን ሲያገኙ ጠግበው ነበር። የሷ የሰኞዎቹ ግን ሁለት ቀን ያልበሉ ናቸው። በማለዳ ብታጎርሳቸውም በሦስት ሰዓት ውስጥ ጉልበታቸው አይመለስም። እንግዲህ ጄሉ የሚገድለው የተራበውን ብቻ ነው። ቾንጎር ምንም አልለወጠባትም። ሮቦቱም አልተንቀጠቀጠም። አራት ዓመት ሙሉ ሰባውን ሲገድል የኖረው ግማሽ ጄሉ፣ ግማሽ የማኮ አውቶቡስ ነው።

ፒሮሽካ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። አፈረች። እንዲያ ያለ እፍረት ከልጅነቷ ወዲህ አልያዛትም ነበር፤ ጆሮዋ ጋለ። ከእፍረቱ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። መዝገቡ ረጥቧል። ቢጫውን ቧንቧ ከወሰደው ማስረጃ የለም። ሰዓቱን አየች፤ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ተነሳች፣ ቢጫውን መጠጠችው፣ ቀዩን ሞላችው። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህም ራሱ አስፈራት።

አራት ሰዓት ላይ ፕሮፌሰር ካራዲ ቢሮ ተጠራች። ፕሮፌሰሩ ብድግ ብለው ወንበር ሳቡላት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ወንበር ስበውላት አያውቁም፤ ፒሮሽካ ከመቀመጧ በፊት ወንበሩን አየችው።

«ፒሮሽካ፣ በዚያ ቀን ፊቴ ጠቁሮብሽ ከሆነ ተዪው። ድካም ነው» አሉ። «አስቤበታለሁ። አንድ ቀን የሆነ ነገር አራት ዓመት የሆነን ነገር አይሽርም። ዓርብ የሠራሽው ደግሞ ሰባ አንድ ሰጥቷል። ሮቦቱን ለሻጩ እንመልሰዋለን።»

«ቾንጎርስ?»

«ውሉ በዲሴምበር ያልቃል። አናድስለትም።» አንድ ወረቀት ወደ እሷ ገፉ። «አንቺ እዚህ ላይ ትፈርሚያለሽ። የሮቦቱ ክንድ ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ የሚል ነው። ራስሽ ያልሽው ነገር ነው።»

«ብዬ ነበር።»

«እሱን ነው የጻፍነው። ማመልከቻው ነገ ይሄዳል። በጸደይ አሥራ ሁለት በሽተኞች ይጀምራሉ። በስብሰባም ፊት ይቅርታ እንዲጠየቅሽ አደርጋለሁ። የማንም መንደርተኛ በአንቺ እጅ ላይ አፉን አይከፍትም።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ነበር። አነሳችው። እውነቱን መናገር አለብን፤ ልትፈርም ነበር። ምሳ ቤት ውስጥ ተነስተው የሄዱት ሰዎች ተመልሰው ሲቀመጡ ታያት። ቾንጎር በርጩማውን ይዞ ደብረሰን ድረስ ሲርቅ ታያት። ደስ አላት። ከዚያ አሥራ ሁለቱን አሰበች። መልካቸውን አታውቅም። በሆዳቸው ያለው ዕጢ ግን ሰባቱንም ቀን የሚበላ ነው፤ እሱን ሳይመግብ ትቶ ወደ ማኮ የሚሄድ ሰው የለም። አሥራ አንድ ከመቶ። ሰዎቹ ግን ሰባ ነው ተብለው ይተኛሉ፣ ሰባ ያለችውም ፒሮሽካ ናት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠችው።

«ሲንቀጠቀጥ አላየሁም» አለች።

«ምን?»

«በንዴት ነው ያልኩት። ደህና ነው ክንዱ። ፕሮፌሰር፣ እኔ እሑድ አልመጣም።»

«የትኛውን እሑድ?»

«ማንኛውንም።»

ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ዓይናቸው ጠበበ፤ እሳቸውም በተራቸው መጠርጠር ጀመሩ። «ማነው እንዲህ በይ ያለሽ? ቾንጎር ነው? ምን ቃል ገባልሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ምልክቱን ዓርብ ነው የማደርገው። ሰኞ ስመጣ መረቁ ቢጫ ነው። ማንም ሳያይ እቀይረዋለሁ። ዛሬም ቀይሬዋለሁ። ጄሉ የሚገድለው የተራቡትን ነው። የጠገቡትን አይነካቸውም።»

ፕሮፌሰሩ በስልክ ቾንጎርን ጠሩት። መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ሰማ። ሁሉንም ከሰማ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜም።»

ቾንጎር ከፒሮሽካ ጎን ባለው ወንበር ላይ ሳይጠየቅ ተቀመጠ። «እኔ እኮ አንድ ነገር ይጨምሩበታል ብዬ ነበር» አለ። «ሁለት ወር የፈለግሁት የተጨመረውን ነገር ነው።»

«የጎደለውን ብትፈልግ ታገኘኝ ነበር» አለች ፒሮሽካ።

«ውጡልኝ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ሁለታችሁም።»

በዚያ ሳምንት ሮቦቱ ቅዳሜና እሑድ እንዳይመግብ ታዘዘ። ሰኞ ጄሉን ሰጠ። ማክሰኞ ቆጠረ፤ ስልሳ ዘጠኝ። ማመልከቻው ከመሳቢያ ሳይወጣ ቀረ። አሥራ ሁለቱ በሽተኞች የጸደዩን ነገር ሳይሰሙት ቀሩ። ዕጢን አስርቦ ጄል መስጠት ይቻል እንደሆነ ገና ሌላ አራት ዓመት ሊያስለፋ ነው፤ ያንን የሚሠሩት ደግሞ ቾንጎርና ሮቦቱ ናቸው። ፒሮሽካ ሕዋስ እንዳትነካ ተባለች። ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ተዛወረች። ከቡዳፔስት የሚመጣው ደብዳቤ ለእሷ መምጣቱን አቆመ። እንዲህ ይሆናል ብላ ጠብቃው ነበር። መጠበቋ ግን ሕመሙን አልቀነሰላትም። ሌሊት ሳይሆን በቀን፣ ብርጭቆ እያጠበች፣ ድንገት እጇን ታይና ትቆማለች።

አንድ ሥራ ብቻ ቀረላት። የላቦራቶሪ ደብተር አይቀደድም፣ ነጭ ቀለምም አይቀባበትም። የተሳሳተ ነገር ያለ እንደሆነ በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፣ ከታቹ ያለው እንዲነበብ ሆኖ፤ የሰረዘው ሰው የዛሬን ቀን ጽፎ ይፈርማል፣ ምስክርም ከጎኑ ይፈርማል። የአራት ዓመት ቅዳሜና እሑድ። ፕሮፌሰሩ ምስክር አድርገው ቾንጎርን መደቡባት፤ ቅጣቱ ለማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሁለቱ በማጠቢያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። እሱ ቀኑን ያነባል፣ እሷ ትሰርዛለች፣ እሱ ይፈርማል። መጀመሪያ አካባቢ ቾንጎር እያንዳንዷን ከበሩ መዝገብ ጋር ያስተያይ ነበር። ከመዝገቡ ያልረጠበው ክፍል ከአንድ ቦታ ተገኝቶ ነበር፤ ጋሽ ቬንደል ከየት እንደተገኘ አላውቅም ይላሉ። በሦስተኛው ቀን ማስተያየቱን ተወው። ትርፍ ቃል አይነጋገሩም። አንዳንዴ ብቻ «ቀለሙ አልቋል»፣ «ይኸው ሌላ» ይባባላሉ።

«ሜይ አሥራ ስምንት፣ ቅዳሜ» አለ ቾንጎር።

ሰረዘች።

«ሜይ አሥራ ዘጠኝ፣ እሑድ።»

ፒሮሽካ እስክሪብቶውን አላነሳችም።

«እሑድ፣ ሜይ አሥራ ዘጠኝ» አለ እንደገና።

«እሷ ትቅር። ያን ቀን መጥቻለሁ።»

ቾንጎር ቀና ብሎ አያት። ያ የድሮው አስተያየት ተመልሶ ዓይኑ ላይ ወጣ። «እትዬ ፒሮሽካ፣ እስካሁን ሦስት መቶ ሰባ ሰርዘናል። አንዷን ማትረፍ ምን ይጠቅማል?»

«ለማትረፍ አይደለም። መጥቻለሁ።»

«የዚያ ወር መዝገብ ውኃ የገባበት ነው። በምን አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለች። «እኔም እመኑኝ ማለት አልችልም። ሌሎቹንም እንደዚሁ ነበር የፈረምኳቸው።»

ቾንጎር ወደ ደብተሩ ተመለሰ። እጁ በልማድ ገጹን ገለጠ። ሰኞ ሜይ ሃያ፣ ጄል ተሰጠ። ማክሰኞ ሜይ ሃያ አንድ፣ በፒሮሽካ ጽሑፍ፣ የሞቱት ከመቶ አሥራ ሦስት። ከጎኑ የፕሮፌሰሩ ቀይ ጽሑፍ አለ። «ጄሉ አርጅቷል። ይህ አይቆጠር።»

አነበበው፤ ጣቱን ቁጥሩ ላይ እንዳሳረፈ ቆየ። አራት ዓመት ሙሉ በፒሮሽካ እጅ ሰኞ ጄል ገብቶ ሕዋሳቱ ያልሞቱበት ሌላ ሳምንት አልነበረም። የተጣለ ቁጥር ስለነበር እሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባው ዝርዝር ላይ አልደረሰም።

«ያን ቀን በልተዋል» አለ በመጨረሻ።

«መግቤያቸዋለሁ።»

«ለምን? ያን እሑድ ብቻ ለምን መጡ?»

ፒሮሽካ ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቅዳሜ እናቴን ቀበርኩ» አለች። «እሑድ ስነሳ የምሄድበት ጠፋኝ። ማኮ ያለው አልጋ ባዶ ነው። ያንን ባዶ አልጋ በማግስቱ ማየት አልቻልኩም። የሚጠብቀኝና የምመግበው ነገር የቀረው እዚህ ብቻ ነበር።»

ቾንጎር ገጹን መልሶ ገለጠ፣ እስክሪብቶውን አነሳ፣ ካልተሰረዘችው ምልክት ጎን ስሙን ጻፈ። ፒሮሽካ እናቷ ከሞቱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያኔ ነው።